ከባለ ኮራሉ ጋሼ መኩሪያ የደበቅነው ወረቀት

የጎፋው ጋሼ መኩሪያ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ አርፈዋል። ያልሰማችሁ ካላችሁ ከእኔ ስሙ፤ የሰማችሁም ቢሆን ከእኔ የምትሰሙት ሌላ ነገር አለ። በቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ተባለ። ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን አዳመጥን። እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ ነው ያዳመጥኩት። ስንረዳቸው ሳይሆን ስንዋሻቸው ነው የቆየነው፤ ከዋሿቸውም አንዱ እኔ ነኝ።

ለማያውቋቸው ልንገር። በወጣትነታቸው ምጽዋ ወደብ ላይ የፓምፕ መካኒክ ነበሩ። አዲስ አበባ ከገቡም በኋላ እስከ ጡረታቸው ድረስ ፓምፕ ሲጠግኑ ኖሩ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲያም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን የጎረቤት ፓምፕ እምቢ ካለ መፍቻቸውን ይዘው ሳይጠሩ ይደርሱ ነበር። ከባሕሩ ግን አልተላቀቁም። ሳሎናቸው ውስጥ፣ ሶፋ መቀመጥ በነበረበት ቦታ፣ ትልቅ የመስታወት አኳሪየም አቁመው፣ ጨው በጥብጠው፣ መብራትና ፓምፕ ገጥመው ኮራል ያረቡ ነበር። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም አበባ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው የባሕር እንስሳ ነው፤ ይበላል፣ ይታመማል፣ ይሞታል። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ «የሰው ባል ሰክሮ ይገባል፤ የእኔው ባሕር ይዞ ገባ» እያሉ ያስቁን ነበር።

እኔ ላፍቶ መድኃኒት ቤት ያለኝ ፋርማሲስት ነኝ። እሳቸውን አይቼ ቀናሁና ቤቴ ውስጥ ትንሽ አኳሪየም አቆምኩ። በሁለተኛው ወር ኮራሎቼ ተኮማተሩ፤ ቡናማ የነበረው ሁሉ ነጣ። ያልሞከርኩት የለም። መብራት ጨመርኩ፣ ምግብ ጨመርኩ፣ ከመደርደሪያዬ ላይ ያለ መድኃኒትም ጠብ አደረግሁ። ሲብስብኝ ጋሼን ጠራሁ።

ኮታቸውን ልቀበላቸው ብል አልሰጡኝም። ወንበር ስበው ከመስታወቱ ፊት ተቀመጡና ግማሽ ሰዓት ያህል ኮራሎቹን አዩ። ሻይ ቀረበላቸው፤ ቀዘቀዘ።

«ምን ምን አደረግህለት?» አሉኝ። ዘረዘርኩላቸው።

«ይኼ ሁሉ በአንድ ሳምንት?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ ምን እንደጎዳው እግዜር ይወቅልህ። ፋርማሲስት አይደለህ እንዴ? ለአንድ በሽተኛ አምስት መድኃኒት ባንዴ አቅመህ የትኛው እንዳዳነው በምን ታውቃለህ? አንድ ነገር ትለውጣለህ፤ ትጠብቃለህ፤ ታያለህ። ከዚያም በፊት ውሃውን ትጠይቃለህ።»

ከኪሳቸው የጨው መለኪያ አወጡ። አንድ ጠብታ ውሃ አደረጉበትና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት። ከዚያ ሳቁ። እንዴት ያለ የሚያናድድ ሳቅ ነበራቸው!

«ውሃው ሲጎድል በምን ትሞላዋለህ?»

«ጨው በተበጠበጠበት ውሃ ነዋ። ባሕር አይደል?»

«አይ የእኔ ሊቅ! የሚተነው ውሃው ነው፤ ጨው ወዴት ይሄዳል? ወጥ እንኳ እሳት ላይ ሲቆይ ጨው ይበዛበታል፤ ሚስትህን ጠይቃት።»

ባሕር በሥዕል ብቻ የምናውቅ የደጋ ሰዎች ካልሆንን እንዲህ ያለውን ስሕተት ማን ይሳሳታል? በጎደለ ቁጥር ጨው እየጨመርኩ ሁለት ወር ሙሉ አቃጥያቸው ኖሯል። ደንግጬ ባንድ ቀን ላስተካክለው ስል እጄን መቱኝ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ ንጹሕ ውሃ ብቻ፣ ሌላ ምንም ሳይነካ፤ የተለካውም ቁጥር በደብተር ይጻፍ ተባልኩ። በየቅዳሜው ከጎፋ በታክሲ እየመጡ ደብተሬን ያርሙ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሳልለካ ቀርቼ የትናንቱን ደግሜ ጻፍኩ። ወዲያው አወቁብኝ። «ቁጥር የምትደብቀው ለማን ብለህ ነው? ለኮራሉ አዝነህ? እሱ እንደሆነ እየሞተ ነው» አሉና ሻዩን ሳይቀምሱ ወጡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን መጡ። በሦስተኛው ሳምንት ኮራሎቹ ተከፈቱ፤ ጋሼ እንደ ሕፃን ልጅ አጨበጨቡ።

ጻድቅ አላደርጋቸውም። ቢሰሙኝ ራሳቸው ይቆጡኛል። አንዲት ልጅ ናት ያለቻቸው፤ ሰላማዊት ትባላለች፤ የምትኖረው ፉሪ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ክርስትና ባስነሳችበት ቀን ጎፋ መብራት ጠፋ። ፓምፑ ከቆመ ውሃው አየር ያጣል፤ ኮራሎቹም ይታፈናሉ። ጋሼ በጆግ ውሃ እየቀዱ ከላይ መልሰው ሲያንቆረቁሩ ዋሉ። ድግሱ ያለ አያት አለቀ። ሰላማዊት ደውላ «አባዬ፣ የልጅ ልጅህ ከድንጋይ ያንሳል?» አለቻቸው። ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ «ድንጋይ አይደለም» ብለው አረሟት። ስልኩ ተዘጋ፤ ተዘግቶም ሁለት ዓመት ቆየ። ግትር ነበሩ፤ ልጃቸውም ያው የእሳቸው ልጅ ናት።

ባለፈው ክረምት መክሳት ጀመሩ። የምርመራውን ወረቀት እትዬ ብርቄ መጀመሪያ ያመጡት ለእኔ ነው። ካንሰር ነበር፤ ጉበታቸው ውስጥ ተሰራጭቷል። ዘመድ ተሰብስቦ መከረ። «ልቡ እንዳይሰበር፣ ጨጓራ ነው በሉት» ተባለ። ሰላማዊትም አትስማ፣ መጥታ ካለቀሰች ይጠረጥራል ተባለ። የእኛ ነገር እንዲህ ነው፤ ሰፈር ሁሉ የሚያውቀው ሞት ምስጢር የሚሆነው ለሚሞተው ሰው ብቻ ነው። ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁም ታውቁ ነበር። ብርቱካን ይዛችሁ መጥታችሁ «ደህና ነዎት፣ ፊትዎ ተመልሷል» ብላችሁ ሄዳችኋል። እኔም እሺ አልኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ የሚቆጨኝ እሺ ብዬ አላውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጋቢ ደርበው ከአኳሪየሙ ፊት ተቀምጠዋል።

«ና ተቀመጥ። እነዚህ ሁሉ ያባብሉኛል፤ አንተ ግን ቁጥር ታነባለህ። ወረቀቴን አይተኸዋል አሉ። ምን ይላል?»

እትዬ ብርቄ በሩ ጋ ቆመው በዓይናቸው ይለምኑኛል።

«ጨጓራ ነው፣ ጋሼ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እንግዲያው ጥሩ። ለጨጓራ ብዬ ልጅቷን አላስደነግጥም። ታምሜ ካስጠራኋት አዝናልኝ መጣች እንጂ ታረቀችኝ አይባልም። ለጥምቀት ይሻለኝና በእግሬ ፉሪ ድረስ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ ነው እላታለሁ።» እንዲህ አሉና ከትልቁ ኮራል ከፍለው፣ ለብቻው በትንሽ ድንጋይ ላይ አጣብቀው የሚያሳድጉትን አንድ አረንጓዴ ቁራጭ አሳዩኝ። ለልጅ ልጃቸው ነበር።

ያን ጊዜ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን መልሼ ዘጋሁት። ደፋር ነኝ ብዬ አስብ ነበር፤ አይደለሁም። ጥምቀት ሳይደርስ ሞቱ።

ለሰላማዊት መርዶ የተነገራት በማግስቱ ንጋት ላይ ነው። ድንኳኑ ውስጥ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«በሽታውን ያውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አያውቁም ነበር። ደብቀናቸው ነው።»

«እኔማ እያወቀ እንኳ ሳያስጠራኝ ሞተ ብዬ...» አለች። ስለ ጥምቀት የተናገሩትን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ «አንተን ብሎ ነው እንግዲህ የተማመነው» ብላ ተነስታ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እውነቷን ነው።

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ነፍስዎን ይማር ብዬ መሰናበት ነበረብኝ። ነፍስዎንስ ይማር፤ እኔን ይማሩኝ ለማለት ግን አፍ የለኝም። የጠየቁኝን ልመልስልዎት ብቻ ነው የምጽፈው፤ ጊዜው ካለፈ በኋላም ቢሆን። ጨጓራ አልነበረም። ሐኪሙ ለእትዬ ብርቄ የነገራቸው «ቢበዛ ሦስት ወር» ብሎ ነው፤ ሦስቱንም ወር ኖረውታል። ከጎፋ ፉሪ፣ ጋሼ፣ በታክሲ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ደህና ይሁኑ።