ልጄን የወሰዳት ጀልባ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ እዚህ ካናዳ የካልጋሪ በረዶ ሊያልቅ ሲል ነው። ቤት ውስጥ የማጫውተው ሰው ስለሌለኝ ይሆናል፣ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

አባቷ ካረፈ ወዲህ እኔና ልጄ ቤዛ፣ ማርቲንዴል የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሁለታችን ብቻ ነበር የምንኖረው። ቤዛ መለሎ ናት፤ «ጣሪያውን እንዳትበሺው» እያልኩ አሾፍባታለሁ። ለትምህርት ቤቷ ቮሊቦል ትጫወት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ተደወለ። ሴትየዋ አሜሪካ ያለ ኮሌጅ የሴቶች ጀልባ ቀዘፋ አሰልጣኝ ነኝ አለች። ቤዛን ውድድር ላይ አይታ ቁመቷን ወዳዋለች፤ ሙሉ ስኮላርሺፕ ልትሰጣት ነው። ልጄ እኮ መቅዘፊያ በእጇ ነክታ አታውቅም! «ሽልማት ደርሶሻል» እያሉ የሚደውሉት ሌቦች ትዝ አሉኝና ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት።

ሴትየዋ አልተቀየመችኝም። ከሰዓት መልሳ ደወለች። አሁን ያነሳችው ቤዛ ነበረች፤ ካዳመጠቻት በኋላ ስልኩን ሳትዘጋ ታስረዳኝ ጀመር።

«እማ፣ ስካም አይደለም። ላይክ፣ ሎው አለ፣ ሕግ። ፉትቦል ቲማቸው፣ ያ ሄልሜት የሚያደርጉበት፣ ብዙ ወንድ በስኮላርሺፕ ይወስዳል። ለሴቶችም ፌር የሆነ ቦታ መስጠት አለባቸው። ጀልባ ደግሞ ብዙ ሰው ይይዛል። ረጅም ከሆንሽ ከዜሮ ያስተምሩሻል።»

እኔ ተማሪ ሳለሁ ኳሱም ሜዳውም የወንዶቹ ነበር። እኛ ዳር ቆመን ልብሳቸውን እንጠብቅላቸው ነበር። ሕግ ለሴት ልጅ ጀልባ ያስገዛል ቢሉኝ በሳቅ እሞት ነበር።

ቤዛ ስልኩን በእጇ ሸፈነችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«እማ፣ ግን ብቻሽን ትሆኛለሽ። ኖ ካልሽኝ ኖ እላታለሁ።»

ከልቧ ነበር። አንዲት ቃል ብተነፍስ ትቀርልኝ ነበር።

«እኔ ምን እሆናለሁ? ሂጂ!» አልኳት፣ ቶሎ ብዬ።

ነሐሴ ላይ ሄደች። አሁን ከሺፍት ስመለስ ቤቱ ጭር ብሎ ይጠብቀኛል። ለአንድ ሰው ወጥ መሥራት አልለመድኩም፤ ሁልጊዜ ይተርፈኛል። ውድድሯን በስልኬ አያለሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ለብሰው ጎንበስ ቀና ሲሉ የቷ እንደሆነች አልለያትም። ሳሎን ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ለጀልባው በሙሉ አጨበጭባለሁ። ኮርቼባታለሁ፤ ብቸኝነቱ ግን ከብዶኛል።

ዛሬም ብትጠይቀኝ «ሂጂ» ነው የምላት። ያን ያህል ግን አልቸኩልም። ትንሽ ቆይቼ፣ ፊቷን በደንብ አይቼ ነው የምመልስላት።