ሞት ያልሰማው ልፈፋ

በኔ ጊዜ ሐረር ውስጥ በቅሎ ቢኮበልል፣ ሰው ቢሞት፣ የበር መዝጊያ ሰዓት ቢለወጥ የምንሰማው ከአንድ ሰው አፍ ነበር። ለፋፊያችን የጀጎል ተወላጅ፣ እስላም፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ ነበሩ። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ይቆሙና መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በሐረሪኛ፣ በመጨረሻ በኦሮምኛ ይለፍፋሉ። ከዚያ የከተማውን ግንብ አምስት በሮች ይዞራሉ። ዋጋቸው አንድ እስር ጫት ነው። እኔ ግን አዲስ መጥቼ ሳለሁ "እኚህ ሰውዬ ጆሮዬን ሊያደነቁሩኝ ነው" እያልኩ እማረር ነበር። አፌን ቁርጥ ያድርገው!

ባሌን ተከትዬ ከሸዋ የመጣሁ የወታደር ሚስት ነኝ። ሁለት ወንዶች ወልጄ ሁለቱንም ዓመት ሳይሞላቸው ቀበርኩ። ሦስተኛውን ሳረግዝ እናቴ "ወንድ ከሆነ ሴት ነው በይ" ብላ ላከችብኝ። ባገራችን ወንድ የማይበረክትላት እናት እንዲያ ታደርጋለች፤ ሞት ወንዱን ፈልጎ ሲመጣ ሴት አይቶ እንዲያልፍ ነው። አዋላጇን አስምዬ፣ ሰባት ጊዜ እልል ሊባልለት የሚገባውን ልጅ እንደ ሴት ሦስት ብቻ አስባልኩለት። ቀሚስ አለበስኩት፣ ሹሩባ ሠራሁት፣ "አንቺ" እያልኩ አሳደግኩት። ሐረር ውስጥ ከባሌና ከአዋላጇ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አራት ዓመት ሲሆነው፣ ባሌ ኦጋዴን ወርዶ ሳለ፣ ማሽላ ልሸምት ጊደር መጋላ ይዤው ሄድኩ። ሻጩ ቁናውን አጉድሎ ሰፈረልኝ። እኔ ደግሞ ዝም አልልም! "ይሄ ቁና ነው ወይስ የዶሮ ውሃ መጠጫ?" ብዬ ያዝኩት። ሰው ተሰብስቦ ሳቀ፤ እኔም ሳቁ ጣፈጠኝና ቀጠልኩ። ዘወር ስል ቀሚሴን ይዞ የነበረው ልጄ የለም። ምላሴ ነው ያስጠፋኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም።

በሮቹ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋሉ። ከዚያ በፊት ገበያተኛው በኤረር በር እየጎረፈ ወደ ገጠር ይወጣል። ከነሱ ጋር ተቀላቅሎ ቢወጣስ? ከግንቡ ውጭ ሲመሽ የሚጠብቀው ጅብ ነው። እየጮህኩ ወደ ለፋፊው ሮጥኩ። "ሴት ልጄ ጠፋች! አራት ዓመቷ ነው፣ ሹሩባ የተሠራች፣ ጥለቱ ቀይ የሆነ ነጭ ቀሚስ የለበሰች!" አልኳቸው። ወዲያው ለፈፉልኝ።

አንድ ዙር ጨርሰው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የበሮቹ ዘበኞችም እንዲህ ያለች ልጅ አላየንም ብለዋል። ጎረቤቶቼ ከብበውኝ "ወይኔ ልጂት!" እያሉ ያለቅሳሉ። ያኔ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ልጄ ሲደነግጥ ሽንቱ ያመልጠዋል። ያገኘው ሰው ቀሚሱን አውልቆ ማጠቡ አይቀርም። እንግዲያው ያ ሰው የያዘው ወንድ ልጅ ነው፤ ሴት ጠፋች ሲባል ቢሰማ ምን አገባው?

እውነቱን ላስለፍፍ? አራት ዓመት የደበቅኩትን ልጅ በገዛ አፌ ለሞት ላሳየው ነው። ዝም ልበል? ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። ሽማግሌውን ከሰው ለይቼ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

አልሳቁብኝም። እግዜር ይስጣቸው፣ ቢስቁብኝ እዚያው ክልትው እል ነበር።

"ስንት ቀበርሽ?" አሉኝ።

"ሁለት፣ አባቴ።"

"ኢና ሊላሂ" አሉና ጠጋ አሉኝ። "እንግዲያ ስሚኝ ልጄ። ያንቺ ሞት ካገርሽ ተከትሎሽ የመጣ ነው፤ ሐረሪኛ ከየት ያውቃል? በአማርኛ ሴት ትሁን፣ በሐረሪኛ ወንድ እለዋለሁ። ኦሮምኛውን ግን ጎረቤቶችሽ ለምደውታልና፣ እነሱ በማይሰሙበት በሮቹ ጋ ስደርስ ወንድ ብዬ እለፍፈዋለሁ።"

"በአንዱ ቋንቋ ሊዋሹ ነው?" አልኳቸው፤ በዚያ ሰዓት እንኳ ምላሴ አላረፈም።

"ልጅ ጠፋ ነው የምለው። ይሄ ምኑ ውሸት ነው?" አሉኝና ድምፃቸውን አነሡ።

ጎረቤቶቼ በአማርኛ የሰሙት ያንኑ የፊቱን ነው። ሐረሪኛው ሲመጣ ግን በየሱቁ ደጃፍ የቆሙ የከተማው ሴቶች እኔን አየት አድርገው እርስ በርሳቸው ሲንሾካሾኩ አየሁ። አንዷም ወደ አማርኛ አልመለሰችውም። ሽማግሌው ወደ ኤረር በር ፈጠኑ።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ከዚያው በኩል አንዲት የከተማው ሴት ልጄን አዝላ መጣች። ገበያ ዳር ሲያለቅስ አግኝታ ቤቷ ወስዳ አጥባዋለች፣ አብልታዋለች። ሁለቱንም ልፈፋ ሰምታ ነገሩ ገብቷት ኖሮ፣ ያንን ቀሚስ ውሃው ሳይንጠፈጠፍ መልሳ አልብሳዋለች፤ የራሷ ወንዶች ልጆች ደረቅ ልብስ ቤቷ ሞልቶ! ጎረቤቶቼ ፊት ቆመችና በተሰባበረ አማርኛ፣ ጮክ ብላ፣ "ሴት ልጅሽን እንቺ፣ እህቴ" አለችኝ። እግሯ ላይ ወደቅኩ። አንሥታኝ ከኔ ጋር አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ ቤቷ ቤቴ ሆነ፤ የእልልታውን ነገር ሳይቀር አጫወትኳት። ልጄ ሰባት ዓመት ሲሞላው "በቃ፣ ተርፏል" ብዬ ሹሩባውን ላጨሁት፣ ሱሪ አለበስኩት፣ አንድ እስር ጫት ይዤ ለፋፊው ዘንድ ሄድኩ። ሲያዩን በዚያን ቀን የዋጡትን ሳቅ ሁሉ ሳቁት። ጫቱን እምቢ አሉ። የልጄን እጅ ይዘው ፈረስ መጋላ መሐል ቆሙና፣ "ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ! ከወታደሩ ቤት ወንድ ልጅ ተወልዷል!" ብለው በሦስቱም ቋንቋ ለፈፉ።

ጎረቤቶቼ አፋቸውን ያዙ። ያቺ የኤረር በሯ ሴት ሰዉን እየገፋች መጣችና "ሦስት ተብሎለታል፣ አራት ይቀረዋል አይደል?" አለችኝ። መልስ እንኳ ሳትጠብቅ እልልታውን ጀመረችው፤ ጎረቤቶቼም ተቀብለው አራቱን ሞሉለት።