የባለቤቴ አናትና የደብረ ብርሃን ቅቤ

አንድ ቀን ጧት ባለቤቴ መስኮቱ አጠገብ ቆማ በትንሿ መስተዋት አናቷን ለማየት ስትታገል አገኘኋት። በአንድ መስተዋት አናትን ማየት እንደማይቻል እኔ ድሮ ደርሼበታለሁ፤ ሁለት ያስፈልጋል። ይህንኑ ልነግራት ስል ቀደመችኝ።

«ሳስቷል እንዴ?» አለችኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይዋሻል። እኔ ግን የምኮራበት ነገር ቢኖር የተጠየቅሁትን በትክክል መመለሴ ነው። ቀረብ አልኩ፣ መነጽሬን አስተካከልኩ፣ ፀጉሯን ግራና ቀኝ ገለጥ ገለጥ አድርጌ አየሁት።

«አዎ፣ ሳስቷል» አልኳት። «በተለይ እዚህ መሐል ላይ። ከጆሮሽ በላይም እንዲሁ። ከኋላ ደህና ነው።» ቦታው እንዳይጠፋት በጣቴ እየነካሁ አሳየኋት።

አመሰገነችኝ አልልም። ሻሿን አንስታ አሰረች። ከዚያች ጧት ጀምሮ ሻሹ እቤት ውስጥም ከራሷ አልወርድ አለ።

እዚህ ላይ ስለ ፀጉሯ ትንሽ ልናገር። የባለቤቴ ፀጉር ከልጅነቷ ጀምሮ ስስና ለስላሳ ነው። ሉጫ እንዳይባል ይታጠፋል፣ ከርዳዳ እንዳይባል ይተኛል፤ ነፋስ የነካው የገብስ ማሳ ማለት ነው። አንኮበር እናቷ ቤት ሳለች ሰፈሩ ዞማ ይላት ነበር። ሹሩባ ሠሪዎች ግን ይማረሩባት ነበር፤ ጎንጉነው ሳይጨርሱ ጫፉ እየሾለከ ይፈታባቸዋል። እኔም ላገባት የወሰንኩት ያ የማይታሰር ፀጉር ከነጠላዋ ሥር አምልጦ ያየሁት ቀን ነው። ያ ፀጉር በዕድሜ ብዛት መሐሉ እየተመናመነ መሄዱን ከእኔ በፊት ያወቀችው እሷ ናት። እኔ ያደረግሁት ማረጋገጥ ብቻ ነው።

ማረጋገጥ ደግሞ ሥራዬ ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ሱቅ ውስጥ ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። ወሬው ሁሉ መጀመሪያውም መጨረሻውም ተቀዶ ስለሚደርሰኝ የጎደለውን በራሴ ጭንቅላት እሞላው ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የገቡት ይህን ዕድል አላገኙም። ሬዲዮ መጠገን፣ ሰዓት መፍታት፣ በግ ማከም ማንም አላስተማረኝም። በሰፈራችን በግ ሲታመም የእንስሳት ሐኪም የሚጠራው ከእኔ በኋላ ነው።

ነገሩ በሻሽ ተሸፍኖ ይቀር ነበር፤ ግን በዚያ ሰሞን የልጅ ልጃችን ልታገባ ሆነ። ሠርጉ በጥር፣ መልሱም እዚሁ እኛ ቤት እንዲሆን ተወሰነ። በቤተሰባችን ልማድ በመልስ ቀን ሙሽራዋ አናት ላይ ለጋ ቅቤ አድርጋ የምትመርቃት አያቷ ናት። ለባለቤቴ አያቷ አድርጋላታለች፤ ለልጃችን እናቴ አድርጋላታለች። አሁን ተራው የባለቤቴ ነው። ሙሽራዋን ደግሞ ያሳደገቻት እሷ ራሷ ናት። ያን ቀን የጠበቀችው ልጅቷ በእግሯ መሄድ ሳትጀምር ነው።

ልጅቷ አንድ ከሰዓት መጥታ ሶፋው ላይ ሳትቀመጥ ጀመረችው።

«እምዬ፣ ለመልሱ የቤታችን ሴቶች ሁሉ ሹሩባ እንሠራለን። አንድ ዓይነት! አንቺም ጭምር።»

«እሺ የኔ እናት» አለቻት ባለቤቴ። ልጅቷ በሩን ዘግታ እንደወጣች ወደ እኔ ዞረች።

«እኔ አልገኝም። ታማለች በላቸው። ቅቤውን ሌላ ሰው ያድርግላት።»

«ምን ሆንሽ? በሻሽሽ ሆነሽ አታደርጊላትም?»

«ሁሉም ተሠርቶ እኔ ብቻ ተጠቅልዬ? አያቷ ምን ደበቀች ይበሉ? የራሴ አናት ተራቁቶ የማንን አናት እቀባለሁ?»

«ለእኔ ተይው» አልኳት።

«ለአንቱ?» አለችኝ።

እኔና እሷ አንተ አንቺ እየተባባልን ነው ያረጀነው። አንቱ ስትለኝ አክብሮት የጨመረች ይመስላል፤ የጨመረችው ሌላ ነገር ነው። ቢሆንም ሥራዬን ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ቅቤን ነው። ጫጫ ድረስ ሄጄ ከገበያው ለጋውን በአፍንጫዬ መርጬ አመጣሁ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ ውርጩ ጧት ጧት ሣሩን ነጭ የሚያደርግበት ጊዜ። ሰው የማያስተውለውን አንድ ነገር እዚህ ላይ አስተዋልኩ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ቅቤ አይቀልጥም። እጅ ላይ ይለሰልሳል፤ አናት ላይ ሲደርስ ሐሳቡን ይቀይራል። ባለቤቴ ተቀብታ አደረች፤ ሲነጋ ቅቤው እንደ ጧፍ ሰም ደርቆ ፀጉሯን በየዘለላው አጣብቆታል። ስስ ፀጉር ሲጣበቅ ደግሞ መሐል ለመሐል መንገድ ይከፍታል፤ የተሸፈነው ሁሉ ወለል ብሎ ታየ።

«እንዴት ነው?» አለችኝ።

በዚህ ጊዜ በትክክል አልመለስኩም። «ጥፋቱ የቅቤው አይደለም፣ የከፍታው ነው» አልኳት። «ቆላ መውረድ አለብን።»

የመጣችው ለቅቤው ብላ አይመስለኝም፤ መንገዱ በአንኮበር ስለሚያልፍ ነው። በሚኒባስ አንኮበር ደረስን፤ የእናቷን ሰፈር አሻግራ ስታይ ቆየች። ከዚያ ቁልቁለቱን አሊዩ አምባ ወረድን። በወረድን ቁጥር ጋቢው ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ክንድ ወረደ። ኮፍያዬ ብቻ እቦታው ቀረ።

ገበያው ውስጥ ሂናና የፀጉር ዘይት የምትሸጥ አንዲት ሴት ሱቅ ገብተን መቀመጫ ለመንን። ዕድሜዋ ከባለቤቴ ቢያንስ በጥቂት ነው። ምን እንዳመጣን ስትጠይቅ ጉዳዩን በግልጽ አስረዳኋት።

«የዚች ፀጉር ሳስቷል፤ ቅቤውም ደጋ ላይ እምቢ ብሎን ነው።»

ባለቤቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ሴትዮዋ ሳቀች።

«ወላሂ የእኔም ሳስቷል። ሂጃቡ ሸፍኖኝ ነው እንጂ!»

«እኔንም ሻሼ ሸፍኖኝ ነበር» አለች ባለቤቴ። «ይሄ ሰውዬ ነው ገበያ ያወጣኝ።»

«ባልሽ ናቸው?»

«ምን ላድርግ እንግዲህ።»

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ በዚህ ሙቀት ኮፍያውን አያወልቁም?»

«ለብርድ ነው» አልኩ።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩና ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ሳቁ። በዚያ ሙቀት መልሴ ከቦታው የወጣ መስሎ ሊሰማ ይችላል፤ እኔ ግን የተናገርኩት ስለ ኮፍያ በጠቅላላው ነበር።

ቅቤውን ቀባናት። ቀለጠ! እንዳልኩት ቀለጠ። ቀልጦም አልቆመም፤ በግንባሯ ወርዶ ዓይኗ ውስጥ ገባ፣ በአንገቷ ወርዶ የቀሚሷን ጥልፍ አገኘው። ዝንቡ ከየት እንደሰማ አላውቅም። ፀጉሯ ዝናብ የመታት ጫጩት መስሎ አናቷ ላይ ተለጠፈ። ሴትዮዋ የቁርቁራ ቅጠል አምጥታ በጥብጣ፣ ጓሮ ወስዳ አጠበቻት። ከጓሮው ሳቅ እንጂ ሌላ ነገር አልሰማሁም። ባለቤቴ ስትመለስ ሻሿን አስራ ነበር፤ ፊቷ ግን ከዚያች ከመስተዋቷ ጧት ወዲህ እንደዚያ ፈክቶ አላየሁትም። ስንመለስ የሚኒባሱ ሰው መስኮት መስኮቱን ከፈተ። እኔ የቅቤው ግምቴ ትክክል ስለነበር ቅር አላለኝም።

ቀጥሎ በስልክ ከሚታዩት ቪዲዮዎች ያገኘሁት የሽንኩርት ጭማቂ ነው። ቀይ ሽንኩርቱን ራሴ ፈጨሁት፤ ራሴ አለቀስኩበት። በማግሥቱ የጥብስ ቅጠል አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ አናቷ ላይ ላፈስ ማሰሮውን ይዤ ብቅ ስል ባለቤቴ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ቆይ አንተ። ቅቤ አደረግህ። ሽንኩርት አደረግህ። አሁን የጥብስ ቅጠል ይዘህ መጣህ። አናቴን ነው የምታክመው ወይስ ጥብስ ነው የምትሠራው? ቃሪያ ብቻ ነው የቀረህ!»

በዚህ ላይ ጎረቤታችን በአጥሩ ብቅ ብላ «እትዬ፣ ምን ሠርታችሁ ነው እንዲህ የሚሸት?» ብላ ጠየቀች። «እኔን!» አለቻት ባለቤቴ።

ያን ማታ እራት ላይ፣ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሣ፣ «ብቆረጠውስ?» አለች።

ጉርሻዬን ወደ ሳህኑ መለስኩት። በእኛ አገር አሮጊት ሴት ፀጉሯን የምትቆረጠው ሰው ሲሞትባት ነው። ባል ሲሞት፣ ልጅ ሲሞት።

«ሰው ምን ይላል? የሞተ አለ ወይ አይልም? እኔ እንደሆን በሕይወት አለሁ።»

«እሱን እያየሁ ነው» አለች።

ሹሩባውን በተገዛ ፀጉር እንድታስቀጥል መከርኳት፤ ይህንንም ራሴ ነኝ ያሰብኩት። ፀጉር ቤት ሄዳ ጠየቀች። ሠሪዋ የሚቀጠለው ፀጉር እንደሚከብድና የቀረውን ስስ ፀጉር ከሥሩ ጎትቶ ሊጨርሰው እንደሚችል ነገረቻት። ባለቤቴ ይህን ከነገረችኝ በኋላ ስለ ፀጉር ማውራት ተወች። የመልሱን ቀሚሷን ከሳጥኑ አውጥታ፣ አይታ፣ መልሳ አጠፈችው። እኔ ብዙ መጽሐፍ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ የታጠፈ ቀሚስ ማንበብም አያቅተኝም። ልጅቷ ያለ እሷ ልትመረቅ ነው ማለት ነው። ያን ሌሊት ምንም ነገር አልፈለሰፍኩም።

የመልሱ ዋዜማ «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጣች። ዘገየች። ስትመለስ ዘንቢሏ ባዶ ነው። ጋዜጣ ወደማነብበት ወንበር መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመችና ሻሿን ፈታችው።

ተቆርጣዋለች። ከጆሮዋ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያልቃል። ዕድሜ ልኩን በርዝመቱ ክብደት ተጎትቶ የኖረው ፀጉር ሸክሙ ሲወርድለት ቀና ብሏል። ማዕበሉ ከሥሩ ጀምሮ ተነሥቶ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተኛ፣ መሐሉን ሸፍኖታል። ሽበቱም አብሮ ይታጠፋል። የገብሱ ማሳ ከታጨደ በኋላ ደረሰ።

«እህስ?» አለችኝ። ድምፅዋ ደህና ነበር፤ እጇ ግን ሻሹን እየጨመቀ ነው። «ሳስቷል?»

የተጠየቅሁትን በትክክል መመለስ ልማዴ መሆኑን ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ።

«ሳሳሁ» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ሳስቷል አላልኩም። ሳሳሁ ነው ያልኩት። የሳሳሁት እኔ ነኝ። ላንቺ።»

አማርኛ ለፀጉር መመናመንና ሰው ለሚወደው ሰው ለሚሰማው ነገር አንድ ቃል መስጠቱን እኔ አላመጣሁትም። በሰዓቱ የተጠቀምኩበት ግን እኔ ነኝ።

ባለቤቴ አየችኝ። ከዚያ አፏን በሻሹ ሸፈነች።

«አንቱ» አለች። «ይቺን ቃል ያኔ ጧት ቢያመጧት ኖሮ አሊዩ አምባ ድረስ ወርጄ ባልቀለጥሁ ነበር።»

በማግሥቱ ሻሽ ሳታስር ወጣች። የሙሽራው ወገኖች ከአረርቲ የመጡ ስለሆኑ ብርዱን አልቻሉትም፤ በየጋቢያቸው ተጠቅልለው ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ያ ዓይን ሁሉ ግን እሷ ላይ ነበር። መጀመሪያ የደነገጠችው ያችው የአጥር ጎረቤታችን ናት።

«ውይ እትዬ! ማን ሞቶብሽ ነው?»

«ሹሩባዬ» አለች ባለቤቴ። «ትናንት ቀበርነው። ነፍስ ይማር በይኝ።»

ሳቁ ከድንኳኑ አልፎ መንገድ ላይ ተሰማ። ሙሽራዋና የቤታችን ሴቶች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሹሩባ ተሠርተው፣ ዞር አሉ። ልጅቷ አያቷን አይታ አፏን ከፈተች፤ ቀርባም እጇን ፀጉሩ ውስጥ አስገባች።

«እምዬ! ይሄ ሁሉ የት ነበር?»

«ከሥር ነበር» አለቻት። «ነይ፣ ተንበርከኪ።»

ቅቤው በሳህን ቀረበ። ባለቤቴ በጣቶቿ ዛቅ አድርጋ በልጅቷ አናት ላይ፣ ሹሩባው ከሚጀምርበት ላይ አስቀመጠችው። ቀስ ብላ አሸችውና መረቀች።

«ውለጂ፣ ክበጂ። ፀጉርሽ አይሳሳ፤ ባልሽ ይሳሳልሽ።»

እልልታው ሲቀልጥ እኔ አጠገቤ ለተቀመጡት የአረርቲ ሰዎች፣ ፀጉሩ እንዲቆረጥ የተወሰነው ረጅም ጥናት አድርጌ፣ ቅቤውንም ሽንኩርቱንም በተራ ፈትኜ ካጣራሁ በኋላ መሆኑን እያብራራሁ ነበር። እነሱም በአክብሮት ያዳምጡኝ ነበር። በድንገት ግን ዓይናቸው ከእኔ በላይ ወዳለ ነገር ተነሣ። አናቴን ነፋስ ነካኝ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ኮፍያዬን በአንድ እጇ ይዛለች፤ በሌላው እጇ የቀረው ቅቤ አለ። ያ አናት ከቤታችን ውጭ ፀሐይ አይቶ አያውቅም።

«ለአንቱም ይብቀልልዎ» አለችና መሐሉ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ከሙሽራዋ የበለጠ እልልታ የተደረገው ለእኔ ነው፤ የነበረ ሰው ይመሰክራል። ኮፍያዬን አልመለሰችልኝም፤ እኔም ቅቤውን ላለማበላሸት ብዬ አልጠየቅኋትም። ቅቤው እንግዶቹ እስኪሄዱ ድረስ አናቴ ላይ እንደተቀመጠ ቆየ።

እንዳልኩት ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ቅቤ አይቀልጥም።