ራም ይጨመርለት

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ሴሚስተር፣ «የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሃርድዌሩ በየጊዜው መሻሻል አለበት» ብዬ ደብተሬ ላይ ጽፌ ሁለቴ አሰመርኩበት። ለእረፍት ከአምቦ ወደ ደጋዋ የጎጆ ከተማ ስሄድ የማሻሽለው ኮምፒውተር እየፈለግሁ ነበር ማለት ይቻላል።

አገኘሁ። አዳዳ የምላት የአባቴ እህት እዚያው በአንድ መሥሪያ ቤት የኮንትራት ጸሐፊ ናት። ኮምፒውተሯ ደብዳቤ መሃል ላይ ድርግም ይልባታል። ከፍቼ እንኳ ሳላየው፣ «ጊዜው አልፎበታል፤ ራም ይጨመርለት፣ ፕሮሰሰሩም ይቀየር» የሚል ሁለት ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ፤ ርዕሱን በቀይ።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሪፖርቱን አንብበው ተደሰቱ። «ነገ በሚወርደው መኪና ወደ አምቦ ይላክ። እስከዚያ በታይፕ ትሠሪያለሽ» አሏት።

ለጥገና ወርዶ የተመለሰ ዕቃ አዳዳ አይታ አታውቅም። የታይፑም ሪባን ደርቋል። ሥራ የሌላትን ጸሐፊ ደግሞ ኮንትራቷን ማን ያድስላታል?

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አለችኝ ስንወጣ፣ «ልትረዳኝ ነው የመጣኸው ወይስ ከሥራ ልታስወጣኝ?»

በማግስቱ ኮምፒውተሩን ለመጫን ስንዘጋጅ፣ አዳዳ ማሽኑ ሲሠራ እንኳ የማይወልቅለትን ወፍራም ጥልፍ ልብስ ከሲፒዩው ሳጥን ላይ ገፈፈች። «መኪናው እስኪመጣ አንድ ደብዳቤ ልጨርስ» ብላ ተቀመጠች። ጨረሰች። መኪናው ዘገየ። አምስተኛውም ደብዳቤ አለቀ፤ ኮምፒውተሩ አንዴም ድርግም አላለም።

ከኋላው እጄን ባስጠጋ ሙቅ አየር እንደ ልቡ ይወጣል። ለካ ታፍኖ ኖሯል። በጎጆ ብርድ ኮምፒውተር ይሞቀዋል ብሎ ማን ያስባል!

«ማነው ልብስ ስፊለት ያለሽ?» አልኳት፣ ጥፋተኛ ያገኘሁ መስሎኝ።

«አንተ ነሃ! ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ስትል፣ ‹የኮምፒውተር ጠላቱ አቧራ ነው፣ ሸፍኚው› አላልከኝም?»

ብያለሁ። ያኔ ኮምፒውተር ነክቼ እንኳ አላውቅም ነበር።

ኃላፊው ቢሮ ገብቼ፣ «ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው፣ ሪፖርቴን ይመልሱልኝ» አልኩ።

«በሁለት ገጽ ያሳመንከኝን በአፍ ታፈርሰዋለህ? ጻፍና አምጣ!»

ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላልኝም። በኮምፒውተር የተየበችልኝ አዳዳ ናት፤ መሃል ላይ ጣቷን አቁማ ዞር አለች።

«‹ስህተቴን› የምትለዋን ላድምቃት?»