ለመስታወት ዝቅ ያለችው መኪና

እትዬ ፓውዛ ዓይኗ ደክሟል የሚለው ወሬ ከየት እንደተነሣ ለማወቅ ብዙ መልፋት አያስፈልግም። የሰፈሩ ወሬ ሁሉ የሚወጣው ከአንድ ቤት ነው፤ ከጋራዡ ፊት ለፊት ካለው ፀጉር ቤት። ባለቤቱን ሰው ሁሉ ምላጭ ይለዋል። ስሙን በእጁ ያገኘው እንዳይመስላችሁ። እጁማ ለስላሳ ነው፤ ምላሱ ነው እንጂ። እሱ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጢሙ ተላጭቶ ሳያልቅ የጎረቤቱ ታሪክ ተላጭቶ ያልቃል።

እትዬ ፓውዛ ደግሞ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ናት። አባቷ በሕይወት ሳሉ "ልጄ፣ ካቻቢቴ አቀብይኝ" እያሏት ስታቀብል ኖራ፣ አንድ ቀን ማቀበሉን ተወችና ብሎኑን ራሷ ፈታችው። በዚያው ሠላሳ ዓመት ሆናት። አሠራሯ ቀላል ነው። ሲመሻሽ መኪናውን በጋራዡ በር አፍንጫውን ወደ ውጭ አድርጋ ታቆማለች፤ ከጠባቧ መንገድ ማዶ፣ የፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ያሰመረችው መስመር አለ። አጭሩ መብራት ከመስመሩ በላይ ከወጣ ታወርደዋለች፤ ከፊት የሚመጣ ሹፌር መታወር የለበትማ! ረጅም መብራት የሚያበራ ሰው ካየች አስፋልት መሐል ገብታ "ዝቅ አድርገው!" ብላ ትጮኻለች። በገዛ ወንድሟ ሠርግ ቀን እንኳ የሙሽሮቹን መኪና አስቁማ፣ ኮፈኑን አስከፍታ፣ መብራቱን ካስተካከለች በኋላ ነው ያሳለፈቻቸው።

ያው ሙሽራ ነው ዛሬ የጋራዡ ማናጀር። በሩ ላይ "ማናጀር" የሚል ሰሌዳ ያሰቀለው ራሱ ነው። የምላጭ ወሬም እሱ ጆሮ ደረሰ።

"እታለም" አላት፣ ሻይ ይዞላት መጥቶ። ሻይ ይዞ ሲመጣ ነገር እንዳለው ታውቃለች። "ብዙ ደክመሻል እኮ። መለዋወጫው ክፍል ወንበር አለ፣ ጥላ አለ…"

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። ግን ዓይንሽ… ሰው ያወራል።"

"የትኛው ሰው? ምላጭ ነው ሰው የሆነብህ?"

"በቃ፣ ጠዋት የገባችውን የሐኪሟን መኪና ዛሬ ሥሪያት። ሲመሻሽ ልትወስዳት ትመጣለች። ካልተስተካከለ ግን የኮምፒዩተር መሣሪያ የሚያውቅ ልጅ እቀጥራለሁ፤ አንቺ መለዋወጫ ክፍል ትገቢያለሽ።"

እትዬ ፓውዛ ቀሪ ዘመኗን ቦልት ስትለቅም ታያት። ሻዩን ሳትቀምሰው ተነሣች።

የሐኪሟን መኪና አንዱን የፊት መብራት ከመንገድ የተፈናጠረ ድንጋይ ሰብሮታል። መብራቱ እንደ ድሮው አንድ አምፖል አይደለም፤ ትንንሽ አምፖሎች እንደ በቆሎ ፍሬ ተደርድረውበታል። ከፊት መስታወቱ በላይ ካሜራ አለ። ካሜራው የሚመጣ መኪና ሲያይ ወደዚያ አቅጣጫ የሚያበሩትን አምፖሎች ብቻ ያጠፋል፤ ሌሎቹ ረጅም እንዳበሩ ይቀጥላሉ። እትዬ ፓውዛ ይህን ከመኪናዋ መመሪያ ላይ ስታነብ ልቧ ወከክ አለ። "እንዲህ ያለ ጨዋ ሹፌር እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም" አለች መኪናዋን እየዳበሰች።

አዲሱን ገጠመች። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መንገድ ላይ የምትሄድ እንዲመስላት በመመርመሪያው ኮምፒዩተር አዘዘቻትና አበራች። ግድግዳው ቦግ አለ። በቀኝ በኩል ግን፣ ልክ የፀጉር ቤቱ መስኮት ላይ፣ የበር ያህል ጨለማ ተገተረ። አጥፍታ አበራች፤ ያው። ፈትታ ገጠመች፤ ያው ነው። ማናጀሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

ምላጭ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ አንድ ደንበኛ እየላጨ፣ "ኧረ እትዬ ፓውዛ፣ እኔ ጋ ጨልሟል! ለእኔም ትንሽ ወርውሪልኝ!" አለ። ፀጉር ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ። መሪውን ጠምዝዛ፣ "ና ግፋ" አለችው ወንድሟን።

"እኔ?"

"ማናጀር መግፋት ክልክል ነው እንዴ?"

ገፋ። መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች፣ አፍንጫዋም ዞር አለ። ብርሃኑ አብሯት ዞረ፤ ጨለማው ግን ከመስኮቱ ንቅንቅ አላለም።

"አየህ? በሽታው የመብራቱ ቢሆን አብሯት ይዞር ነበር። ደግሞ ያ ምላጭ ጀርባውን ሰጥቶ መጨለሙን በምን አየ?"

መንገዱን ተሻግራ ገባች። ከመስኮቱ ትይዩ የሰው ቁመት ያለው አዲስ መስታወት ተሰቅሏል፤ ፊቱ ወደ ጋራዡ ነው።

"ይሄ ለማን ነው?"

"ለ… ለደንበኛ" አለ ምላጭ።

ግማሽ ፊቱ በአረፋ የተሸፈነው ደንበኛ፣ "ኧረ እትዬ፣ እርስዎ ጋ ማን ገባ ማን ወጣ የሚያይበት ነው! ከሰቀለው ወር ሆነው" አለ።

እትዬ ፓውዛ ከደንበኛው ትከሻ ላይ ፎጣውን መንጭቃ መስታወቱን አለበሰችው። ወዲያው የመስኮቱ ጨለማ ጠፋ፣ ብርሃኑም ፊት ለፊት ገባ።

"ዓይኔን! ዓይኔን!" ምላጭ በክንዱ ተከለለ። "ዝቅ አድርጊው!"

"እሰይ! አሁን ተማርክ።"

ፎጣውን ስታነሣው ጨለማው በትሕትና ተመለሰ። መኪናዋ የገዛ ብርሃኗን መስታወቱ ውስጥ አይታ፣ ሌላ መኪና የመጣ መስሏት መንገድ እየለቀቀች ኖሯል። ማናጀሩ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም አየ።

ሐኪሟ ስትደርስ እሱ አፉን ሳይከፍት ምላጭ ቀደመው። "ዶክተር፣ መኪናዎ ለእኔ መስታወት ዝቅ አለችለት! ይህን የሚለይ ዓይን በከተማው ያለው አንድ ነው፤ እኔ ድሮም ብያለሁ!" ያለ አንዳች ኀፍረት።

ማናጀሩ መስታወቱ ይነሣ ሲል እትዬ ፓውዛ እምቢ አለች። "እንዲህ ያለች መኪና ስትመጣ የምፈትናት በሱ ነው። ለመስታወቱ ዝቅ ካላለች ከዚህ ጋራዥ አትወጣም።"

በሳምንቱ ፀጉር ቤቱ አዲስ ወሬ ነበረው፦ ማናጀሩ መስታወት ከፊቱ ተገትሮ ወር ሙሉ አላየም፣ ዓይኑ ሳይደክም አይቀርም።

እትዬ ፓውዛ ይህን ሰማችና ሻይ ይዛለት ቢሮው ገባች።

"ወንድምዬ፣ ሰው ያወራል" አለችው። "መለዋወጫው ክፍል ወንበር አለ፣ ጥላ አለ…"