የሠርካዲስ የፍልሰታ ጧፍ

ሠርካዲስ ጧፍ ሠሪ የሆነችው በእጇ ሳይሆን በአፏ ነው። ልደታ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ዕድሜዋን ጨርሳ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ዝም ብሎ ቤት መዋል አልሆነላትም። ማኅተሙ ትክክል ነው ወይ፣ ፊርማው የማን ነው ስትል የኖረች ሴት፣ የምትመረምረው ወረቀት ሲጠፋ የጎረቤቱን መጋረጃና የታክሲ ረዳቱን አነጋገር መመርመር ያዘች። ታዲያ አንድ ቀን ከልደታ ማርያም ደጅ የገዛችው ጧፍ ገና ከመለኮሱ ጎብጦ ነጠላዋ ላይ ተንጠባጠበባት። በየወሩ በልደታ አብረዋት የሚጠጡት ማኅበርተኞች ፊት፣ «ይኼንንማ እኔም ብሠራው ከዚህ ይሻላል» አለች። ሴቶቹ አልሳቁም። እንዲያውም የዘንድሮውን የፍልሰታ ጧፍ አንቺው ሥሪልን ብለው ቁጭ አሉ።

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባል የለ፤ ሠርካዲስም ቃሏን ከምታጥፍ ወገቧ ቢጎብጥ የምትመርጥ ሴት ናት። እሺ ብላ ወደ ቤቷ ገባች።

ሥራው ግን እንደ አፍ አልቀለለም። መጀመሪያ የገዛችው ክር ናይለን ነበርና እሳት ሲነካው ተኮማትሮ ጠፋ። ሁለተኛው ወፍራም የጥጥ ክር ነበር፤ እሱ ደግሞ እንደ ችቦ ቦግ ብሎ የኩሽናዋን ግድግዳ አጠቆረው። በስተመጨረሻ ቀጭን የጥጥ ክር እጥፍ አድርጋ ስታከር መንገዱን አገኘችው። የቀረው ሰሙ ነው። ነጩን የፋብሪካ ፓራፊን ሞክራ ነበር፤ ርካሽ ነው፣ ያምራልም፤ ሲቀዘቅዝ ግን እንደ ደረቅ ቂጣ እየተሰበረ አስቸገራት፤ ለማርያም ደግሞ የንብ ሰም እንጂ የፋብሪካ አይወሰድም። ደጀ ሰላሙ ጋ ጧፍ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት አዝነውላት መከሯት። ሰሙን ሰብረሽ አሽቺው፣ ማር ማር ካላለሽ ተዪው፤ በጣትሽ እሺው፣ ቅባት ከተወብሽ ተዪው አሏት። ሠርካዲስ ምክሩን በቃሏ ያዘችው።

ከምትኖርበት ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ ያላት ዙሃራ ጉዳዩን ስትሰማ ፊቷ በራ። ወንድሞቿ ስልጤ አገር ንብ አናቢዎች ናቸው። ስልክ ብደውልላቸው የባህላዊ ቀፎውን ንጹሕ ሰም ይልኩልሻል፣ አንቺ ብቻ እሺ በይኝ አለቻት። ሁለቱ ሴቶች እዚያ ሕንፃ በአንድ ሰሞን የገቡ ናቸው። የሠርካዲስ ባል የሞተ ጊዜ ለቀስተኛውን ቆማ ያስተናገደችው ዙሃራ ናት። ዙሃራም ልጇን ስትድር ለክርስቲያን እንግዶቿ ለብቻ በግ አሳርዳ፣ ድስቱን ለይታ፣ አብሳይዋንም ሠርካዲስን አድርጋ ነበር። ማንም ማንን ሳያስከፋ የየራሱን በልቶ ተመርቆ ወጣ።

የሠርካዲስ ስሕተት የተወለደው እንግዲህ እዚያ ድስት ውስጥ ነው። ሥጋው ከተለየ ሰሙስ፣ ብላ አሰበች። ማንንም አልጠየቀችም፤ በራሷ ሸንጎ ከስሳ፣ በራሷ ሸንጎ ፈረደች። ለዙሃራ ግን ደፍራ አልነገረቻትም፤ ገና አልወሰንኩም እያለች አሸሸቻት። ሰብለወንጌል የምትባለው የላይኛው ፎቅ ጎረቤቷ ደረጃው ላይ አግኝታት፣ ሰም እታች እያለልሽ ምን ያንከራትትሻል ብትላት ነው እውነቱ ያመለጣት።

«የቤተ ክርስቲያን ነገር እኮ ነው» አለች ሠርካዲስ። «ከእነሱ እጅ አይሆንም።»

ከታች በኩል ዙሃራ ጀሪካን አንጠልጥላ ትወጣ ነበር። ቆም አለች፤ ከዚያ ደህና ዋላችሁ ብላ አልፋቸው ወጣች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሠርካዲስ ምናልባት አልሰማች ይሆናል ብላ ራሷን ልትደልል ሞከረች፤ በማግስቱ ሱቅ ስትገባ ግን ዙሃራ፣ «ምን ልስጥዎት?» አለቻት። ስንት ዓመት አንቺ ተባብለው ነበር።

ሠርካዲስ በዚያው እልኳ መርካቶ ወረደች። ሰም ሻጩ አንገቱ ላይ ትልቅ የእንጨት መስቀል አንጠልጥሏል፤ ከሚዛኑ በላይ የእመቤታችን ሥዕል ሰቅሏል። እናቴ አላት። ለቤተ ክርስቲያን መሆኑን ሲሰማ ከፊት የተደረደረውን ትቶ ከጓዳ ሌላ አወጣላት። በቃ፣ ልቧ እዚያው ረጋ። ማኅተም ሳታይ አንድ ወረቀት አሳልፋ የማታውቅ ሴት፣ ሰሙን አልሰበረችው፣ አላሸተተችው፣ በጣቷም አላሸችው። መስቀሉን አይታ ከፈለች።

ቤት ወስዳ ስታቀልጠው እጇ ላይ ቅባት ቀረ። ሽታውም ማር ማር አላላትም። የአሮጊቷ ምክር ትዝ ሳይላት ቀርቶ አይደለም፤ ግን የሰውየው መስቀል ይበልጥባት ነበር። አዲስ ሰም እንዲህ ይሆን ይሆናል ብላ ክሩን እየነከረች፣ ጣውላው ላይ እያድበለበለች ጨረሰችው። ጧፉ ለዓይን አማረ። ማኅበርተኞቹ ሲያዩት እጅሽ ይባረክ አሏት፤ እሷም ምርቃቱን አሜን ብላ ተቀበለች።

ፍልሰታ ገባ። ልደታ ማርያም ቅዳሴው ወደ ማምሻው ነው የሚወጣው፤ ሰዉ ሁሉ ሆዱ ባዶ፣ ከንፈሩ ደርቆ ቆሟል። ሴቶቹ ጧፎቻቸውን ለኮሱ። መጀመሪያ ጥቁር ጭስ ወጣ። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ የጥብስ ሽታ፣ የፋሲካ ማለዳ ከየቤቱ የሚወጣው ዓይነት። ከኋላ የነበሩ አንዲት ሴትዮ ምራቃቸውን ዋጥ አደረጉና ወዲያው ደንግጠው አማተቡ። አንዷ፣ እዚህ ጎረቤት ሥጋ የሚጠብስ ማን ነው ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች። ቀጥሎ ሁሉም እጃቸው ላይ ያለውን ጧፍ አዩ፤ ከዚያ ሠርካዲስን አዩ።

የማኅበሩ አባት መምሬ ደጉ ቀስ ብለው መጥተው አንዱን ጧፍ አጠፉ፣ በጣታቸው አሹት።

«ሞራ ነው» አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የከብት ሞራ ተቀላቅሎበታል። ይኼን ሰም ምን ብለሽ ገዛሽው ልጄ?»

«ሻጩ ክርስቲያን ነው አባቴ» አለች ሠርካዲስ።

«ስለ ሰውየው መች ጠየቅሁሽ። ስለ ሰሙ ነው እንጂ።»

ሴቶቹ ጧፋቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ መለሱላት። የሚቆጣት አልነበረም። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ፣ በጾም፣ በማርያም ደጅ ሥጋ ያስሸተተች ሴት ሆና ቆመች። መምሬ ደጉ ጾሙ ሳይፈታ በንጹሕ ሰም ሠርተሽ አምጪ፣ እመቤታችን ታግዝሽ ብለው ሲያሰናብቷት ዕንባዋ መጣ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ንጹሕ ሰም የት እንዳለ ታውቃለች። የዙሃራን ሱቅ በር ግን እንዳላየች ሆና አለፈችው፤ ተመልሳም አለፈችው። በሦስተኛው እግሯ ራሱ አስገባት። ዙሃራ ምስር እየለቀመች ነበር። ሠርካዲስ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ ጭሱን፣ ሽታውን፣ የመምሬን ቃል። ደረጃው ላይ የተናገረችውን ግን አላነሳችም። ዙሃራ ሳትስቅ፣ ሳትገረምም ሰማቻት። እንኳን ተለኩሶ ሰው አልጎዳ አለች። ከዚያ ስልኳን አንስታ ለወንድሞቿ ደወለች።

ሰሙ ሲደርስ ዙሃራ ራሷ ናት ያስጠራቻት። ሠርካዲስ ይቅርታዋን እያጠናች ደረጃውን ወረደች። ሱቁ ውስጥ ከመደርደሪያው ራቅ ብሎ፣ ንጹሕ ወረቀት ከተነጠፈበት ወንበር ላይ፣ በኮባ ተጠቅልሎ በቃጫ የታሰረ ነገር ተቀምጧል። ከሩቅ ማር ማር ይላል። ዙሃራ ከባንኮኒው ኋላ ሆና በአገጯ አመለከተቻት።

«ይኸው መጥቷል። ወንድሞቼ ጠቅልለው እንደላኩት ነው፣ አልከፈትኩትም። ወንበሩ ላይ ያስቀመጠው ሰላሁን ነው፣ ተሸካሚው፤ እሱ ክርስቲያን ነው። የኔ እጅ አልነካውም፣ አይስጉ።»

ሠርካዲስ ፊቷን ፈልጋ አየቻት። የሽሙጥ ምልክት አጣችበት። ዙሃራ የልጇን ሠርግ ድስት በለየችበት ልብ፣ በዚያው ጥንቃቄ፣ ለጎረቤቷ እምነት ተጨንቃ ነው ይህን ያደረገችው። ሠርካዲስ ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለች። ያጠናችውን ይቅርታ ተወችው።

«ዙሃራ፣ እባክሽ» አለች እንደ ምንም። «አንሺና በእጅሽ ስጪኝ።»

ዙሃራ እጆቿን አየቻቸው። የምስር ገለባ ነበረባቸው፤ ቀሚሷ ላይ ጠረገቻቸው፤ ልትነሣም አለች። ከዚያ መልሳ ተቀመጠች።

«አይ፣ ይቅር እትዬ» አለች በለሆሳስ። «ዛሬ አዝነው ነው እንዲህ የሚሉት። ኋላ ሲለኩሱት ቅር እንዳይልዎት።»

ሠርካዲስ ሰሙን ራሷ አንስታ ታቅፋ ደረጃውን ወጣች።