ክሌር የማን ናት?

እማማ ዲምፕና ቱሂ ኪልረሽ ከተማ ውስጥ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል። የእኛን «ቁራዎች» የተባለውን የሞተረኛ ክለብም ሆነ የባላንጣዎቻችንን «ቀበሮዎች» የተባለውን ክለብ ጃኬት የሚሰፉት እሳቸው ነበሩ። ጸባችን «ክሌር» የሚለውን የአውራጃችንን ስም ጀርባው ላይ ማድረግ የሚገባው የትኛው ክለብ ነው የሚል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጃኬት ልናስጠግን ሄደን ሱቃቸው በር ላይ ተገጣጠምን። አለቃችን ማላኪ በቀበሮዎቹ አለቃ በኮልማን ላይ አፈጠጠ።

«ስማ፣ ያንን ስም ዛሬ ከጀርባህ ታነሳዋለህ!»

«አንተ ነህ የምታስነሳኝ? ሞተርህ እንኳ ተገፍቶ ነው የሚነሳው!»

እማማ ዲምፕና መቀስ ይዘው ብቅ አሉ። «ጃኬት አውልቁ! ሁላችሁም!»

ሃምሳ ዓመት ያለፈን ወንዶች እንደ ተማሪ አወለቅን። ጃኬቶቹን ሰብስበው ገቡና በሩን ቆለፉት፤ «ክሌር» የሚለውንም ስም ከሁሉም ላይ ተረተሩት። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። በሸሚዝ ብቻ አንድ ታዛ ሥር ተጠጋግተን ስንንቀጠቀጥ፣ ኮልማን ሳንድዊቹን ለሁለት ገምሶ ለማላኪ ሰጠው።

እሳቸው ይህን በመስኮት አይተው በሩን ከፈቱልን፤ ስሙንም ለሁላችንም መልሰው ሰፉልን። ከዚያ ወዲህ በስሙ ተጣልተን አናውቅም። አሁን የምንጣላው የማን ጃኬት ስፌት ቀጥ ብሏል በሚለው ነው።